የበርበሬ ጭስ

ትናንት ከሰዓት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ጎረቤቴ የሌሊት ወፎችን ከኮርኒሱ ሊያባርር በርበሬ ሲያጨስ፣ ሽታው ሙዱላ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

ያኔም አጎቴ፣ "ሽንታቸው መላጣ ያደርጋል" ብሎ ጣሪያችንን በዚሁ ጭስ አፈነው። ልጇን ደረቷ ላይ የለጠፈች አንዲት የሌሊት ወፍ ወደቀች። ሊረግጣት እግሩን ሲያነሳ እናቴ በነጠላዋ ሸፈነቻት።

"እስቲ ባርኔጣህን አውልቅ" አለችው። ሲያወልቅ መላጣው አበራ። "ያንተን ራስ የትኛዋ ናት የሸናችበት? ዘበኞቼን አትንካብኝ!"

ከምን እንደሚጠብቁን ያኔ አልገባኝም፤ ትንኝ እንደሚለቅሙልን ኋላ ራሴ አንብቤ ነው የደረስኩበት። ጎረቤቴ ግን ያንኑ ጅልነት ይዞ አርጅቷል። ሄጄ ፍሙ ላይ ውሃ ደፋሁበት።

"ሸንተውብኝ መላጣ ብሆንስ?" አለኝ በቁጣ።

"ውስጡ ባዶ የሆነ ራስ ላዩ ቢራቆት ምን ይጎድለዋል?" አልኩት።