የአያ ፈንታ እግርና የኔ ዝምታ

ዛሬ ጠዋት የአክስቴ ልጅ ከመካነ ብርሃን ደውሎ «አያ ፈንታ ሊነጋጋ ሲል አረፉ» አለኝ። «የትኛው አያ ፈንታ?» አልኩት። እኛ ዘንድ ያሉት አንድ አያ ፈንታ ብቻ ናቸው።

ነገ በሚሄደው አውቶቡስ የምልክላቸውን ፋሻ በላስቲክ ቋጥሬ በሩ ሥር አስቀምጬው ነበር። አሁንም እዚያው ነው። ላነሳው አልቻልኩም።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እዚህ ገጽ ላይ የሰው ጽሑፍ አነባለሁ እንጂ ራሴ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አያ ፈንታ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ማራኪ ሰፈር ካለው ግቢያችን ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ከበሩ ፊት የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ለቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ብራና ይፍቁ ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ በኋላ ቆዳውን በማጠብ አግዛቸው ነበር። ብዙ ስለማልናገር «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን በምን ጅማት ነው የሰፉብሽ? እንዲህ ያለ ጠንካራ ጅማት ለብራናዬም ባገኘሁ» ይሉኛል። ብራና ሲቀደድ በጅማት ነው የሚሰፋው።

አንድ ቀን አንዱን ቆዳ ወደ ፀሐይ አንሥተው አሳዩኝ። መሐሉ ላይ ተቀዷል። «ይቺ ፍየል ቆስላ ድና ነበር። አየሽ፣ የዳነው ቦታ ሲወጠር ተመልሶ ይከፈታል» አሉኝ። የራሳቸውን እግር ግን እንደዚያ አላዩትም።

ግራ ቅልጥማቸውን በልጅነታቸው እሳት ልሶታል። ተንበርክከው ሲፍቁ ጠባሳው ይሰነጠቃል፣ ጠገገ ሲባል እንደገና ይሰነጠቃል። እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ አያውቅም። ጨርቁን ስለውጥላቸው ሁልጊዜ «ነገ ይሽራል» ይላሉ። ነገ፣ ነገ።

ለሰው አያሳዩትም። እኛ ሀገር ቁስል ለዓይን አይሰጥም። ሽቶ የተቀባ ሰው ካለፈበትም ያመረቅዛል ይባላል። ጎናችን ያለውን ክፍል የተከራየችው ሀና ደግሞ የሕክምና ተማሪ ናት፣ ሽቶ ትወዳለች። ገና በግቢው በር ስትገባ አያ ፈንታ ጤና አዳም አፍንጫቸው ውስጥ ይወትፋሉ።

«አያ፣ ምነው እኔን ሲያዩ ብቻ አፍንጫዎ የሚታፈነው?» ትላቸዋለች።

«ጉንፋን ነው ልጄ።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«የኛ ሀገር ጉንፋን ሥር አለው።»

እኔን ግን «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ማርያምን በይ» አሉኝ። ማርያምን አልኩ።

መስከረም ላይ ሀና ገመድ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አየችው። እድፉ አልለቀቀም ነበር። «ማነው የቆሰለው?» አለችኝ። «ቆዳ የጠረግንበት ነው» አልኳት። አመነችኝ። ዝምተኛ ሰው የሚዋሽ አይመስልም።

ሚያዝያ ላይ ብሽሽታቸው እንቁላል አክሎ አበጠ። ያን ቀን ራሳቸው «ሀናን ጥሪልኝ» አሉኝ። ጨርቁን ፈትታ አየችውና መልሳ ሸፈነችው። ሆስፒታል ወሰድናቸው። ከቁስሉ ቆንጥረው መረመሩትና ካንሰር ነው አሉን። ተሠራጭቷል፣ እግሩን መቁረጥም አያድናቸውም ተባለ።

ከሆስፒታል ስንመለስ አያ ፈንታ ሀናን አስቀመጧትና «ካንሰር ከቁስል እንዴት ይወጣል? አስረጂኝ» አሏት።

«ቆዳችን ውስጥ ግንደ ሕዋስ የሚባሉ አሉ» አለቻቸው። «እንደ እናት ናቸው። አንዷ ለሁለት ትከፈልና አንዷ እናት ሆና ትቀራለች፣ ሌላዋ አዲስ ቆዳ ትሆናለች። ያረጀው የሚተካው፣ የቆሰለው የሚጠገነው በነሱ ነው። ቁስሉ ሲዘጋ ያርፋሉ። የእርስዎ ግን አልዘጋም፣ እነሱም አላረፉም። በተከፈሉ ቁጥር ደግሞ ውስጣቸው ያለውን ጽሑፍ መገልበጥ አለባቸው።»

«እንደ ጸሐፊ ናቸዋ። የደከመው ጸሐፊ ይስታል።»

«አዎ። ከሱ የሚገለብጡትም ስህተቱን ይዘው ይሄዳሉ። ሁሉም ቁስል እዚህ አይደርስም። አንዳንዴ ግን ስህተቱ ‹ይብቃ› የሚለው ትእዛዝ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ መብዛት እንጂ ማቆም የለም።»

«ፍቆ የሚያርም የላቸውም? እኛኮ ሲሳት በቢላ እንፍቀዋለን።»

«አላቸው። እሱም አንዳንዱን ያልፈዋል።»

አያ ፈንታ እግራቸውን አዩት። «ሊያድኑኝ ሲለፉ ነዋ የገደሉኝ» አሉ። «ምን ብዬ ልቀየማቸው?»



በኋላ ለብቻዋ አግኝቼ ስለ ጨርቁ እውነቱን ነገርኳት። «መስከረም ላይ ብታዪው ኖሮስ?» አልኳት። «እግራቸው ይቆረጥ ነበር ይሆናል። እሳቸው ግን... አላውቅም» አለችኝ። አላውቅም ያለችው ለእኔ አዝና ነው።

ከዚያ ሀገሬ ልግባ ብለው መካነ ብርሃን ሄዱ። በስልክ ድምፃቸው በየሳምንቱ እየሳሳ ነበር የሚመጣው።

ይህን የጻፍኩት ለምክር አይደለም። ምክር የሚጠቅመው ጊዜ ላለው ሰው ነው፣ የኔ ጊዜ መስከረም ላይ ገመዱ ሥር አልፏል። እናቴ «እግዜር ያመጣው ነው፣ አንቺ ምን አደረግሽ» ትለኛለች። ምንም አላደረግሁም። ጥፋቴም እሱ ነው።

አያ ፈንታ፣ የማልኩልዎትን ዛሬ አፈረስኩት፣ ለሚያውቁዎትም ለማያውቁዎትም ተናገርኩ። ያኔ ነበር ማፍረስ የነበረብኝ። አንድ እግር ቀርቶልዎት፣ ግቢው ውስጥ በምርኩዝ እየዞሩ «ከዳተኛ» ቢሉኝ፣ ከእጄ ውኃ አልቀበልም ብለው ዓመት ቢያኮርፉኝ እችለው ነበር። እስከ ዕድሜዎ ማብቂያ ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ደህና ይሁኑ አያ።