ስም ጠሪው አጎቴ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ እንደ እኔ ያለ ፈሪ ተማሪ ስለ አጎቴ ለመጻፍ የሚበቃ አልመሰለኝም ነበር።

አጎቴ በፍርድ ቤት የባለጉዳዮችን ስም እየጠራ መቅረብ አለመቅረባቸውን የሚመዘግብ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ መንግሥት ከቤቱ ወስዶት ሰባት ወር ሙሉ ደብዛው የጠፋ መምህር ችሎት እንዲቀርብ ታዘዘ። አቤቱታውን ያስገባችው ሚስቱ ናት። ቀርቧል ተብሎ ከተጻፈ መዝገቡ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አጎቴ ስሙን ጠራ።

"አቤት" አለ አንድ ሰው። የመምህሩን ኮት ለብሷል፤ ፊቱ ግን የሌላ ሰው ነው።

"ይኼ ባሌ አይደለም" አለች ሚስትየው።

"ምነው ድንቢጤ፣ ረሳሽኝ እንዴ?" አላት ሰውየው ፈገግ ብሎ።

ሚስትየው ወደ ዳኛው ዞረች። "እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ባሌ ብቻ ነበር፤ ይኼ ሰው ከማን ሰማው?"



"ቀርቧል ብለህ ጻፍ" አሉ ዳኛው ቀና ሳይሉ።

"ክቡር ዳኛ፣ መምህሩ ልጄን አስተምሯል፤ አውቀዋለሁ። ይኼ እሱ አይደለም" አለ አጎቴ።

"ጠራህ፤ አቤት አለህ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

"ሰውየውን፣ ክቡር ዳኛ።"

ከዚያም "አልቀረበም" ብሎ ጽፎ ፈረመ። በማግስቱ ከሥራው ታገደ፤ መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አጎቴ ክብር ይገባዋል።