እማዬ መርዶ የጠበቀችበት ክረምት

የአዮዲን ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ዛሬም ወደ ኮምቦልቻው ቤታችን ይመልሰኛል፤ ሐምሌ ላይ እማዬ ደሴ ሆዷ ተከፍቶ ዕጢ ከወጣላት በኋላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ትራስ አቅፋ፣ በየጉድጓዱ «ያ አላህ» እያለች የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ወደገባችበት ክረምት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ክኒኑን ትውጥ፣ አጥሚቱንም ግድ ስንላት ትጠጣ ነበር፤ እንቅልፍ ግን ጨርሶ አልነበረም። እኛ ሕመሙ ነው ብለን ማስታገሻ እንሰጣት ነበር። ቁስሉ አልደርቅ ብሎ ጠርዙ መቅላት ሲጀምር፣ ፋሻ የምትቀይርላት ነርስ «እንቅልፍ ካላገኘች ተመልሳ ሆስፒታል መግባቷ ነው» ብላ አባዬን አስጠነቀቀችው።

እማዬን እንቅልፍ የነሳት ግን ሕመሙ አልነበረም፤ መርዶ እየጠበቀች ነበር። ለጥርስ ሕመም እንኳ ከቢስቲማ ገስግሳ የምትመጣው ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ዘሐራ፣ ድምጿ ጠፍቷል። ያኔ እነሱ ቀበሌ ስልክ አልገባም ነበር። እኛ አገር ደግሞ ቁስሉ ላልጠገገ ሰው መርዶ አይነገረውም፤ እማዬ ራሷ ለስንቱ ጎረቤት ደብቃ ስለምታውቅ ሁላችንንም ትጠረጥረን ነበር። ጠያቂ በገባ ቁጥር ማን ቶሎ ተነሣ፣ ማን ከአባዬ ጋር በር ላይ ቆመ፣ የማን ዓይን ቀላ እያለች ፊት ስታነብ ትውል ነበር። እኔንም ሰላይ አደረገችኝ። «ጓዳ ምን ተባባሉ?» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሽንኩርት ስትከትፍ ያነባችውን ጎረቤታችንን ሳይቀር እነግርባት ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት የአባዬን እጅ ያዘች።

«ዘሐራ እንዴት ናት?»

«አፊያ ናት፣ አብሽሪ።»

«ወላሂ በላ!»

አባዬ በሐሰት የማይምል ሰው ነበር። በመጨረሻም አክስቴ ጭቃ አንሸራቷት እግሯ እንደተሰበረ፣ «ለበሽተኛዋ እንዳትነግሩ» ብላ እንደላከች አወጣው። እፎይ አልን፤ ተሳስተናል። መርዶ የሚነገረው በደረጃ ነዋ! መጀመሪያ ትንሽ አሟት፣ ቀጥሎ ጠናባት፣ ከዚያ ወዲያ እዬዬ ነው። እማዬ የእግሩን ስብራት የመጀመሪያው ደረጃ አድርጋ ያዘችው። አባዬ ሺህ ጊዜ ወላሂ ቢላት «አንዴ ዋሽተኸኛል» እያለች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሸለብ እንኳ ተወች። እኔም ከእሷ ጋር አባዬን መጠርጠር ጀመርኩ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባዬ ቢስቲማ ድረስ ሄዶ አክስቴን እግሯ በጀሶ እንደታሰረ፣ በክራንች እያነከሰች ይዟት መጣ። እማዬ ፊቷን ዳሰሰቻት፣ ጀሶውን በጣቷ አንኳኳችው፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኛ ዞረችና፣

«ታዲያ ማነው የሞተው?» አለች።

«ኧረ አንቺ እብድ፣ ማንም!» አለች አክስቴ፣ አጠገቧ ጋደም እያለች። እማዬ የእህቷን እጅ እንደጨበጠች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ለመግሪብ ሶላት እንኳ ደፍሮ የሚቀሰቅሳት ሰው ጠፋ። ቁስሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠገገ።

ዘንድሮ ተራው ያኔ ገና ድክ ድክ ይል የነበረው የታናሽ ወንድሜ ሆነ። ደሴ ኦፕራሲዮን በሆነ በአራተኛው ቀን እማዬ ኮምቦልቻ ላይ ድንገት አረፈች። በቀበርናት ማግስት ልጠይቀው ወጣሁ።

«እማዬስ? ስልኳ አይነሣም» አለኝ።

«ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል» አልኩት።

ያኔ ቤት ሙሉ ሰው እውነቱን ተናግሮ አንዲት ሴት ማስተኛት አቅቶት ነበር። እኔ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ ወላሂ በይ ቢለኝ ምን እንደምመልስ ስጨነቅ፣ ወንድሜ «ሎሚ በማር ትጠጣ በያት» ብሎኝ እንቅልፍ ወሰደው።