በሩ ላይ ሲደርስ የሚያብደው መብራት

አጠገባችሁ ሆኖ ልክ የሚሠራ ነገር፣ ትንሽ ራቅ ስታደርጉት አብዶባችሁ ያውቃል? ትናንት በታክሲ ሳልፍ አንድ ስልክ መሸጫ ደጃፍ ላይ መብራቶቹ ያለ ቅጥ ሲርገበገቡ አየሁና፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ተሳፋሪ ምክንያቱን ላስረዳው ትንሽ ቀረኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ያኔ በሰው አገር፣ ንቲንዳ በሚባል ሰፈር ግን ለራሴም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ሰዓት እላፊው የተነሳ ሰሞን ነው። እትዬ ሰብለ በወረርሽኙ ዘግተውት የከረሙትን ምግብ ቤት ቅዳሜ ማታ ሊከፍቱ ነበር። ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ «ሸጣ አገሯ ገብታለች» ብሎ ትቷቸዋል። «ዛሬ ሰው ካልመጣ የእውነት እገባለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ከሩቅ የሚታይ መብራት በሩ ላይ እንድሰቅልላቸው ፈለጉ። ሐበሻ ሲመጣ እንደ ባንዲራችን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ የአገሬው ሰው ሲመጣ እንደ ባንዲራው ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ።

መብራቱ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ነው፤ በላዩ የተደረደሩት ጥቃቅን መብራቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀለም ይታዘዛሉ። ትእዛዙን የምትልከው የክብሪት ሳጥን የምታክል መቆጣጠሪያ ናት። እትዬ ሰብለ የገባውን ሰው አይተው ቀለሙን ራሳቸው መቀየር ስለፈለጉ፣ መቆጣጠሪያዋ ባንኮኒው ላይ ካልሆነች ሞቼ እገኛለሁ አሉ።

ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው እንከን አልነበረውም። ረጅም ገመድ ቀጥዬ በሩ ላይ ስሰቅለው አረንጓዴው ሐምራዊ ሆነ፤ ቢጫው ተንቀጠቀጠ።

«ቲቸር፣ ይሄ የየት አገር ባንዲራ ነው?» አለኝ አስተናጋጁ ሙጊሻ፣ እንቁላል የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ ሮሌክሱን እየገመጠ፣ እዚያው ቤት በለመዳት አማርኛ።

«ኃይሉ መንገድ ላይ እያለቀ ነው» ብዬ በሰፊው አስረዳሁት። በቦዳ ሞተር ተሳፍሮ ናኪቩቦ ገበያ ወርዶ ሁለተኛ አዳፕተር አመጣልኝ። በሩ አጠገብ ሰካሁት። ደመቀ፤ እብደቱ ግን እንዳለ ነው። በቴስተር ስለካ ኃይሉ ሙሉ ነው። ይባስ ብሎ ገመዱን በእጄ ስይዘው ይረጋጋል፣ ስለቀው ያብዳል። ይህ ነገር ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

«እንግዲያው ደንበኛ እስኪወጣ ይዘኸው ቁማ!» አሉ እትዬ ሰብለ። ከዚያ መንገዱን አዩ። አሥር ሰዓት አልፏል። ዝናቡ አባርቶ ቀዩ ጭቃ ይሸታል፤ ጓዳ ውስጥ ወጡ ይንተከተካል፣ የሚበላው ሰው ግን የለም።

የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ጥብጣቡ ራሱ ረጅም ነው። ታዲያ ትእዛዙ ያን ሁሉ መብራት አልፎ ጫፍ ድረስ በደህና የሚደርሰው፣ ባዶ ገመድ ላይ ለምን ይበላሻል? ቆይቶ ገባኝ። መብራቶቹ ትእዛዙን ዝም ብለው አያሳልፉም፤ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ወስዶ የቀረውን እንደ አዲስ ለጎረቤቱ ይናገራል። ገመዱ መሃል ላይ ግን የሚደግምለት ስለሌለ፣ ትእዛዙ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ከጥብጣቡ ጫፍ አንዲት መብራት ቆርጬ ጣሪያው ሥር፣ ገመዱ መሃል ላይ በየድኳት።

«ይቺን ማን ያያታል?» አሉ እትዬ ሰብለ።

«ማንም አያያትም እትዬ፤ እሷ ተናጋሪ ናት።»

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ጸጥ ብሎ በራ። «አሁን የእኛን!» አለ ሙጊሻ። ቀየሩለት። «ጥቁሩ ጠፍቷል እኮ!»

«ጥቁር እንደዚህ ነው የሚበራው!» አልኩት።

ገና እየሳቅን ሳለ ከመንገዱ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ «ሰብልዬ! አልሄድሽም እንዴ?» ሴትየዋ ልጆቿን አስከትላ ገባች። እትዬ ሰብለ ጓዳ ሮጡ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ግራ ሲገባኝ የተበላሸበትን ቦታ ብቻ አላይም፤ የት ድረስ በደህና እንደሚሠራም እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ ባይሆንም ያዋጣል። እናንተም ሞክሩት። ጥብጣቡን ጠረጴዛ ላይ አብሩት፤ ማበድ እስኪጀምር ገመዱን አስረዝሙት፤ ከዚያ መሃል ላይ አንዲት መብራት አስገቡ። ብቻ እባካችሁ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉት።