እትዬ ማናለሽ ያላቆሙት ደም

ከቢቸና በእግር ሁለት ሰዓት በምትርቀው መንደራችን እትዬ ማናለሽ ያላዋለዷት እናት አልነበረችም። የእኔንም ሦስት ልጆች የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በወለድኩ ቁጥር እየተመላለሱ ወገቤን በቅቤ ያሹኛል፣ ገንፎዬን ካልጨረስኩ ይቆጡኛል፣ ባሌን ደግሞ "ሳትጠነክር ውኃ ቅጂ ብትላት ውርድ ከራሴ!" ይሉታል። እወዳቸው ነበር። ዛሬም እወዳቸዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው ላዋርዳቸው እንዳይመስላችሁ። ግን የሆነው ሆኗል።

አምሳለች የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻቸው። ሞጣ ከተማ፣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ለሆነው ለባዘዘው ዳሯት። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት አረገዘች። ሞጣ ክሊኒክ ስለነበር ባዘዘው "እዚሁ ትውለድ" አለ። እትዬ ማናለሽ ይህን ሲሰሙ ነደዱ። እኛ ዘንድ የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። "የሰው ልጅ ሁሉ በእጄ እየወለደች የእኔዋ በማታውቀው ወንድ ፊት ልትዘረጋ ነው?" ብለው ሽማግሌ ላኩበት። ባዘዘው አማቱን የሚያከብር ሰው ስለሆነ እሺ አለ። አምሳለች በሰባት ወሯ፣ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዛ መጣች።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወለደች። ከኋላዋ ሆኜ የደገፍኳት እኔ ነበርኩ። ምጡ አላስቸገረም። ሴት ልጅ ናት፤ ጤነኛ፣ ጯሂ። የእንግዴ ልጁም ወዲያው ወጣ። እትዬ ማናለሽ ሕፃኗን ገልበጥ አድርገው አይተው "ወይ ጉድ፣ ቁርጥ አባቷን! እኔ ነኝ የለፋሁት፣ እሱን መሰለች" ብለው ሳቁ። ደሙ ግን አልቆመም።

እኛ አገር ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ማንም ላቁምህ አይለውም። ዘጠኝ ወር የተጠራቀመ ክፉ ደም ነው፣ ውስጥ ከቀረ ያመክናል፣ ያሳብዳል ይባላል። እትዬ ማናለሽም እያዩት "ተመስገን፣ እየጠራላት ነው" አሉ። እኔም አብሬ ተመስገን አልኩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ምላሴን ቁረጪው ቁረጪው ይለኛል።

ከሥሯ ያነጠፍነውን ጨርቅ ሁለቴ ቀየርን። ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ አምሳለች "እማ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ" አለች።

"ርሃብ ነው። ገንፎሽን ብይ።"

"ጆሮዬም ይጮህብኛል፣ እማ።"

"ብይ ብዬሻለሁ!"

ሁለት ጊዜ ጎርሳ መለሰችው። ከንፈሯ ነጣ። ፈራሁ። "እትዬ ማናለሽ፣ ቢቸና ጤና ጣቢያ እንውሰዳት" አልኩ።

"አራስ? በዚህ ጠራራ? ምች አስመትተሽ ልትገድያት ነው? ቀኑ ይብረድ።"

መሮጥ እችል ነበር። ወንዶቹን መጥራት እችል ነበር። ግን በወሊድ ነገር የእሳቸው ቃል ታጥፎ አያውቅምና እኔም ቀኑ እስኪበርድ ቁጭ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የልጃቸውን እግር ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ። "ወንዶቹን ጥሪ!" ብለው ጮኹ። በቃሬዛ ይዘናት ወጣን፤ እሳቸው በጎን እየሮጡ ፀሐይ እንዳያገኛት ነጠላቸውን ከፊቷ በላይ ወጥረው ያዙ። መንገድ ላይ አምሳለች አንድ ጊዜ "ጠባች?" ብላ ስለ ልጇ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ጤና ጣቢያው ያለው ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ክንዷን ያዘ፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጎ አየ፣ ከዚያ የለበሰችውን ጋቢ ስቦ ፊቷን ሸፈነው።

"መፍሰስ የጀመረው መቼ ነው?"

"ጠዋት" አሉ እትዬ ማናለሽ።

"እስካሁን ታዲያ ምን ይጠብቁ ነበር?"

"እንዲጠራላት።"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

በማግስቱ ቀበርናት። ሕፃኗን አንዲት አራስ ጎረቤት ከልጇ ጋር ታጠባት ጀመር። መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው፣ እናት አትሄድም። እትዬ ማናለሽ ግን "ያስመጣኋት እኔ፣ የምነግረውም እኔ" ብለው ማንንም አልሰሙም። እኔና ባሌ ወደ ሞጣ ተከተልናቸው። ነገሩ ሳይነገር እንዳይታወቅ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ እንባቸውን ውጠው ነበር የሄዱት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሞጣ ደረስን።

ባዘዘው ከቤቱ ሲወጣ አገኘነው። አማቱን ሲያይ ፊቱ በራ። "እናቴ! ተገላገለች? ምን ወለደች?"

"ሴት" አሉ።

ከኪዳን የሚመለሱ ጎረቤቶች ሰሙና እልል ማለት ጀመሩ። ላስቆማቸው ስል እትዬ ማናለሽ ክንዴን ያዙኝ። "ተያቸው፣ ለልጅቱ ነው" አሉኝ በቀስታ። እልልታው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ባዘዘው እየሳቀ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ትከሻውን ይዘው አቀኑት።

"ተነሥ ልጄ፣ ጉልበቴን አትሳም። አምሳለች ደሟ ፈስሶ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አየኋት።"