የኻሊድ አሮጌ ጋዝ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፍሪጅ ሲበላሽ ሰው የሚጠራው ኻሊድን ነው። ከወሎ ከመጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ ጎንበስ ብሎ መነሣትን እምቢ ማለት ጀምሯል። የባሮን ሙቀት ያልቀመሰ ሰው የፍሪጅ ጠጋኝን ሥራ ይንቃል። እዚህ ግን ፍሪጅ ጠዋት ከቆመ ዓሣው ከሰዓት ይሸታል።

የጠጋኞች ልማድ አጭር ነው፤ ቱቦውን ቆርጦ አሮጌውን ጋዝ ወደ ሰማይ መልቀቅ። ኻሊድም እንዲያ ሲያደርግ ኖሯል። ከሦስት ዓመት በፊት ግን አዲስ አበባ ለሥልጠና ተጠራና ያ ጋዝ ምድርን ከመኪና ጭስ በብዙ እጥፍ እንደሚያሞቅ ሰማ። እዚያም በሙከራ ላይ ያለ ማሽን አሳዩት። በውስጡ ሜምብሬን የሚሉት ስስ ሽፋን አለ፤ የተቀላቀሉ ሁለት የፍሪጅ ጋዞች ሲገፉበት አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል። አሠልጣኟ አቢጋኤል፣ "አሮጌውን ሰብስበው ይላኩልን፤ አጣርተን እንመልስልዎታለን" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ኻሊድ ጋዝ አይለቅም። መሰብሰቢያ ፓምፑን በሚኒባስ ጣሪያ እያስጫነ እስከ አቦቦ ወረዳ ይሄዳል። ድሮ በአምስት ደቂቃ የሚያልቀው ሥራ አሁን አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ሚስቱ ከይሪያ፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያለች ትተርትበታለች። ደክሞት ስለሚገባ ራቱን በልቶ ይተኛል። ዘንድሮ እንደምንም ሰባት ሲሊንደር ሞላና ላከ።

ተጣርቶ የሚመለሰውን ጋዝ ከሁሉ አብልጣ የምትጠብቀው ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጠው ኛሙት ናት። ማቀዝቀዣዋ ጋዝ ካለቀበት ሁለት ወሩ ነው፤ ማቀዝቀዣው የሚሠራበት የጋዝ ዓይነት ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ያልተሸጠላትን ዓሣ ትደፋለች።

"ጋሽ ኻሊድ፣ ጋዝ መጣ?" ትለዋለች ባየችው ቁጥር።

"መንገድ ላይ ነው" ይላታል።

ሐሙስ ጠዋት አቢጋኤል ደወለች። "ሰባቱንም መረመርን። ውስጣቸው የምግብ ማብሰያ ጋዝ አለ። ሽፋኑ የተሠራው ሁለቱን የፍሪጅ ጋዞች ለመለየት ነው፤ ይህ ሲገባበት አይለይልንም። ተቀጣጣይም ስለሆነ ማሽኑ ውስጥ ልናስገባው አንደፍርም። ግን ማን ነው ፍሪጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚሞላው?"

ኻሊድ ማን እንደሆነ ያውቃል። መንገድ ተዘግቶ የፍሪጅ ጋዝ በጠፋባቸው ዓመታት የማብሰያ ጋዝ እየቀዳ የከተማውን ፍሪጆች የሞላው ራሱ ነው። ፍሪጁ ይቀዘቅዝ ነበር፣ ሰዉም ይመርቀው ነበር። ሦስት ዓመት ወገቡ እስኪቆረጥ የሰበሰበው የገዛ እጁን ሥራ ኖሯል። አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ደከመው።

"እኔ ነኝ" አላት።

በዚያው ወደ ባሮ ወርዶ ለኛሙት ሁሉንም ነገራት። ጋዙ እንደማይመለስ፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ። እርሷ ግን አልተቆጣችም።

"ያኔ የኔንም ማቀዝቀዣ በማብሰያ ጋዝ ሞላህ። ጥሩ ቀዘቀዘ። አሁንም እሱን ሙላልኝ።"

"አይሆንም፣ እሳት ይይዛል። ደግሞም ሌላውን ጋዝ ያበላሻል።"

"አንተ ካልሞላህ ኦጆት ይሞላል። ዓሣ እስከ ነገ አይጠብቀኝም።"

ደወለችለት። ኦጆት ድሮ ኻሊድ ዘንድ ሥራ የለመደ ጠጋኝ ነው፤ አሁን የራሱ ሱቅ አለው። ትንሿን የማብሰያ ሲሊንደር በትከሻው ይዞ መጣ፣ ኻሊድን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ሥራውን ጀመረ። ቱቦውን አሰረ፣ ጋዙን ቀስ እያለ ለቀቀበት፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ አስደግፎ አዳመጠ። አንዷንም ነገር አልሳተም። ማቀዝቀዣው መቀዝቀዝ ሲጀምር ኛሙት መረቀችው።

ኦጆት እጁን እየጠረገ የመምህሩን ፊት አየ።

"ጋሽ ኻሊድ፣ የተሳሳትኩት ነገር አለ?"

"የለም" አለው ኻሊድ። "ልክ እንዳስተማርኩህ ነው የሠራኸው።"