ያልቀመስኩት ጭማቂ

የልጅ ልጄ ሰብለ እንጅባራ ላይ ጭማቂ ቤት ልትከፍት ነው። የትኛው ጭማቂ በየትኛው ወቅት እንደሚጠጣ ለማወቅ ከተማውን ስትዞር ከረመች። ትናንት ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ገበያው የሚደራው በጾም ነው። ወተቱ ሲቀር ሰው ማንጎና አቮካዶ ይጠጣል» አለችኝ፤ አዲስ ነገር ያገኘች መስሏት። እኔ እኮ ይህን በንጉሡ ጊዜ ዳንግላ ላይ አውቄው ነበር። ማወቄ ምን ፈየደልኝ?

ያኔ በልጅነቴ ከዳሩኝ ባል ኮብልዬ አክስቴ ቤት ተጠግቻለሁ። ባሌ የአዘና ሰው ነው፤ ክፉ አይባልም፣ አልወደድኩትም እንጂ። አባቴ አክስቴን ምስክር አድርጎ፣ «እስከ ፋሲካ ራስሽን ከቻልሽ እሰየው፤ ካልቻልሽ ከባልሽ ትመለሻለሽ» አለኝ።

አሰብኩ። በሁዳዴ ገበያተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ከዚያ በባዶ ሆዱ ጠላ ቢጠጣ ያዞረዋል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ታዲያ ከገበያው መውጫ ቆሜ ጣፋጭ የብርቱካን ጭማቂ ባቀርብለት ማን ያልፈኛል? ከቅበላ በፊት ጥቂት ብርቱካን ልጬ ጨምቄ ሞክሬው ነበር፤ አክስቴ ጣቷን ነው የላሰችው።

በገበያው ዕለት ብርቱካኑ ከጫግኒ በአህያ ተጭኖ ጧት ደረሰ። ያን ሁሉ ለመላጥ ጊዜ አልነበረኝም። ልጣጩ መዓዛ ይጨምርለታል ብዬ ከነልጣጩ ከነፍሬው ሙቀጫ ውስጥ ወቀጥኩት፤ በነጠላ አጠለልኩት። ቤቱን መዓዛው አወደው። ምራቄን እየዋጥኩ ሠራሁ እንጂ ጿሚ ነኝና አልቀመስኩም። አክስቴም ጿሚ ናት። ሕፃን ጠርቶ ማስቀመስ እንኳ ትዝ አላለንም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገበያተኛው እንዳሰብኩት መጣ። አባቴም ሊያይ መጥቶ ዋርካው ሥር ቆሟል። መጀመሪያ የጠጡት የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ታረቀኝ ናቸው። «ገበያሽ ይቅና» ብለው አማተቡና ጨለጡት። ፊታቸው ተጨማደደ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ጾሜ ኮሶ ታጠጭኛለሽ?»

አንዱ በአዊኛ፣ አንዱ በአማርኛ እየተቀባበለ ገበያው ሳቀ። ቀመስኩት። እውነትም ኮሶ።

«ልጣጩ ነው! ለሚመጣው ገበያ ልጬ አመጣለሁ» ብል ማን ይስማኝ? ልጬም አመጣሁ፤ እንደ ማር የሚጥም። «ኮሶ ሻጯ መጣች» እያሉ በሩቁ ዞረው አለፉ። አንድ ጉንጭ ብቻ ቢቀምሱልኝ! እጃቸውን ይዤ አልግታቸው ነገር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፉ ቀን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አቅም አጥቼ አላውቅም።

አባቴ ቀረብ ብሎ፣ «ተይው ልጄ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለኝ። ሳይቆጣ ማለቱ ባሰብኝ። ከፋሲካ በኋላ ባሌ ፈረስ ጭኖ መጣ። ከኋላው ተፈናጥጬ፣ እያለቀስኩ ወደ አዘና ሄድኩ።

ዛሬ ጧት ሰብለ የመጀመሪያውን ጭማቂ ሠርታ በብርጭቆ አመጣችልኝ።

«ጾም ላይ ነኝ፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» አልኳት።

«እኔ ግን ቀምሼዋለሁ። ሳልቀምስ እንዴት ልሽጥ?» ብላ ሳቀች።

ቀና ብዬ አየኋት። ሳቋም አፍንጫዋም ቁርጥ የባሌ ነው። ያን ቀን አንድ ጉንጭ ቀምሼ ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ አትወለድም ነበር። ይህን እያወቅሁም፣ ምነው በቀመስኩት እላለሁ።